ጊታሪስት ይፈለጋል

በኒው ዌቭ ባንድ ውስጥ ጊታር መጫወት ግራ እጅ ክር የሚጫንበት፣ ቀኝ እጅ ክር የሚመታበት፣ ጭንቅላት ደግሞ ለመጪው ቅዳሜ ድራመር ከየት እንደሚገኝ የሚያሰላበት ሙያ ነው። ሙያው ያበበው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከሁሉም በላይ በእንግሊዝ ከተሞች ነበር። ከሌላው የጊታር ሥራ የሚለየው በሁለት ነገር ነው፦ ጊታሪስቱ ብዙ እንዳይጫወት ይጠበቅበታል፤ አብረውት የሚጫወቱት ሰዎችም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ። ሁለቱ ነገሮች እንደሚመስሉት የተራራቁ አይደሉም።

«ኒው ዌቭ» ወይም «አዲስ ማዕበል» መጀመሪያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለተነሡ የፈረንሳይ ወጣት የፊልም አዘጋጆች የተሰጠ ስም ነው። ወደ ሙዚቃው የገባው በንግድ በር ነው። ፓንክ የሚባለው የሮክ ሙዚቃ ስም የአሜሪካን ሬዲዮ ጣቢያዎች ስላስበረገገ የሳየር ሪከርድስ ኩባንያው ሲይሞር ስታይን በ1977 ሸክላዎቹን «ኒው ዌቭ» እያለ ለማሻሻጥ ተነሣ። ልጁ ያው የሰፈሩ ዱርዬ ነው፤ ለሬዲዮ ሲባል ግን ክርስትና ተነሣ። ከክርስትናው በኋላ ጸጉሩን አበጠረ፣ ኪቦርድ ገዛ፣ የሚያስጨፍር ምትም ተማረ። ከጊታሪስቱ ግን ሶሎው ተወሰደ። የቀደመው ዘመን የሮክ ጊታሪስት ዘፋኙ ከመድረክ ወርዶ ላቡን ጠርጎ እስኪመለስ ድረስ ክሩን ሲያስለቅስ ይቆይ ነበር። የኒው ዌቭ ዘፈን መጀመሪያውም መጨረሻውም ተደምሮ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ጊታሪስቱ በዘፋኙና በኪቦርዱ መካከል በተረፈችው ቦታ፣ ሦስት ሰው በሚይዝ የታክሲ ወንበር አራተኛ ሆኖ እንደተጠጋ ተሳፋሪ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ይቀመጣል።

ጠባቧ ቦታ አንዳንዴ ታኮራለች። የሊቨርፑሉ አ ፍሎክ ኦፍ ሲገልስ ባንድ ዘፋኝ ማይክ ስኮርና ቤዝ ተጫዋቹ ፍራንክ ሞድስሊ ጸጉር ሠሪዎች ነበሩ፤ ሰው ባንዱን እስከ ዛሬ የሚያስታውሰውም በስኮር ጸጉር ነው። የግራሚ ሽልማት ዳኞች ግን በ1983 ባንዱን የሸለሙት «ዲ.ኤን.ኤ.» ለተባለ፣ ግጥም ለሌለው የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። የዚያ ሙዚቃ ትከሻው የፖል ሬይኖልድስ ጊታር ሲሆን የጸጉሩ ዝና ግን ወደ ሬይኖልድስ ዞር ብሎ አያውቅም።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ የችግረኛ ባንድ ጊታር ርካሽ ይሁን እንጂ በቀላሉ አይጣልም። የክሮሊው ልጅ ሮበርት ስሚዝ ዘ ኪዩር የተባለውን ባንድ ሲጀምር የሚጫወትበት ጊታር ዉልዎርዝ ይባል ከነበረው፣ ድስትና ካልሲ አብሮ ይሸጥበት ከነበረው የሱቅ ሰንሰለት የተገዛ «ቶፕ 20» ነበር። ባንዱን ያስፈረመው ክሪስ ፓሪ በዚህ ነገር አልበም አይቀረጽም ብሎ የተሻለ ጊታር እንዲገዛ አደረገው። ስሚዝ ፌንደር ጃዝማስተር ገዛ። ከዚያ የዉልዎርዙን ጊታር ፒካፕ፣ ማለትም ከክሩ ሥር ተቀምጦ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ማግኔት፣ ነቅሎ በአዲሱ ጊታር ላይ ሦስተኛ አድርጎ አስተከለው። ልጇ ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቶላት፣ እንጀራው ዓይን የሚያወጣው በሸክላው ነው ብላ አሮጌውን ምጣድ ማዕድ ቤት ጥግ እንደምታቆይ እናት ማለት ነው። የዘ ፖሊስ ባንዱ አንዲ ሰመርስ ዓለምን የዞረበት ቴሌካስተርም አሜሪካ ሳለ ጊታር ያስተምረው ከነበረ ልጅ በ200 ዶላር የገዛው፣ ቀድሞ ሌላ ሰው ፈታቶ የሞከረበት ዕቃ ነው።

ከጊታሩ ይልቅ የዘመኑን ድምፅ የሠራው ግን ኮረስ የሚባለው መሣሪያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከጊታሩ የሚወጣው ድምፅ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው እንዳለ ያልፋል፣ ሁለተኛው በሰከንድ ጥቂት ሺህኛ ያህል ይዘገይና ቅኝቱ ከፍ ዝቅ እያለ ይዋልላል። ሁለቱ ተመልሰው ሲገናኙ አንድ ጊታር ሁለት ይመስላል፤ ድምፁም ኩሬ ላይ እንዳረፈ የፀሐይ ብርሃን ይርገበገባል። የጃፓኑ ሮላንድ በ1975 ጄሲ-120 በሚባለው አምፕሊፋየር ውስጥ ከተተው፤ በ1976 ቦስ በሚለው ስም ለብቻው በእግር የሚረገጥ ሣጥን አደረገው፤ በ1979 ደግሞ በዘጠኝ ቮልት ባትሪ የሚሠራው ትንሹ ሣጥን መጣ። የሙዚቃ መጻሕፍት ስለዚህ ድምፅ ውበት ብዙ ይላሉ። ሁለተኛው ጊታሪስት ባለፈው ሳምንት ለሄደበት ባንድ ግን ጥቅሙ ከውበት ያለፈ ነው። ሁለተኛ ጊታሪስት ምሳ ይበላል፣ ይዘገያል፣ የሴት ጓደኛውን ወደ ልምምድ ይዞ ይመጣል፣ ስለ ግጥሙ አስተያየት አለው። ሣጥኑ ባትሪ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሣጥን የማይሞላው ክፍተት ሲፈጠር ማስታወቂያ ይወጣል። በእንግሊዝ የዚህ ገበያ ማዕከል ሜሎዲ ሜከር የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ የኋላ ገጾች ነበሩ። ማስታወቂያው አጭር ስለሆነ አነባበብ ይፈልጋል። «የራሱ አምፕሊፋየር ያለው» ከተባለ ባንዱ አምፕሊፋየር የለውም። «መኪና ቢኖረው ይመረጣል» ከተባለ የሚፈለገው ሾፌር ነው፤ ጊታር ቢችል አይጠላም። «ኮንትራት በቅርቡ» ማለት አንድ የኩባንያ ሰው አንድ ቀን ክለብ ውስጥ ታይቷል ማለት ነው። «ለሥራው ቆራጥ» የሚለው ደመወዝ እንደሌለ ያመለክታል። እንዲያም ሆኖ ከዚያ ገጽ ታላላቅ ሰዎች ወጥተዋል። ኒክ ሮድስና ጆን ቴይለር በ1978 በርሚንግሃም ላይ ያቋቋሙት ዱራን ዱራን ሁለት ዓመት ያህል ዘፋኝና ጊታሪስት ሲያስገባና ሲያስወጣ ከረመ፤ ራሱ ጆን ቴይለር በጊታር ጀምሮ ወደ ቤዝ ተዛወረ። በ1980 በሜሎዲ ሜከር ማስታወቂያ ከሰሜን እንግሊዝ አንዲ ቴይለር መጣ። ድራመሩ ሮጀር ቴይለር ነበርና ባንዱ ውስጥ ሦስት ቴይለሮች ሆኑ፤ ሦስቱም አይዛመዱም። ባንዱ የሚለማመድበት ረም ረነር የተባለው የምሽት ክለብ ለልጆቹ ሥራም ሰጥቷቸው ነበር፦ አንዱ በር ላይ ይቆማል፣ አንዱ ብርጭቆ ይሰበስባል፣ አንዱ ሸክላ ያጫውታል፤ ጊታሪስቱ ማዕድ ቤት ገብቶ ያበስላል። የጊታሪስትነት ዕጣ እንዲህ ናት።

በማስታወቂያ የተገኘ ሰው ሁሉ እውነቱን ተናግሮ አልገባም። የዴፔሽ ሞድ ዋና ዘፈን ደራሲ ቪንስ ክላርክ በ1981 መጨረሻ ሲለቅ፣ ባንዱ ስሙን ደብቆ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ተጫዋች ፈለገ። አለን ዋይልደር ዕድሜው 22 ነበር፤ ቀንሶ ተናገረና ገባ፤ ከአሥር ዓመት በላይም ቆየ። ዕድሜ መቀነስ የሙሽራ ሽማግሌዎች ሥራ ብቻ ይመስል ነበር።

ከዚህ በኋላ ልምምድ ይመጣል፤ የሙያው ሰፊ ክፍል ይህ ነው። የአንድ ምሽት ዝግጅት ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ዘፈን ይፈልጋል። ዘፈኖቹ በኖታ አልተጻፉም፤ የሄደው ሰው በጣቶቹ ይዟቸው ሄዷል። ለአዲሱ ሰው የሚሰጠው ካሴት ነው። የካሴት ማጫወቻ ሁሉ ፍጥነቱ እኩል ስላልሆነ በአንደኛው ቴፕ የተቀዳ ዘፈን በሌላው ሲከፈት ቅኝቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። አዲሱ ጊታሪስት ሌሊቱን ሙሉ ጊታሩን ለካሴቱ ቃኝቶ፣ ሁሉንም አጥንቶ፣ በማግስቱ ልምምድ ቤት ሲደርስ ከባንዱ ጋር አይገጥምም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ሁልጊዜም የቤዝ ተጫዋቹ እንደሆነ ይወሰናል። ቀጥሎ «እዚያች ጋ» የምትባለው ችግር ትመጣለች። እያንዳንዱ ዘፈን ነባሮቹ በቃል የማይገልጿት፣ ዐይን በዐይን ተያይተው የሚያልፏት አንዲት መታጠፊያ አለችው። አዲሱ ሰው ሲስታት ይቆማል፣ «እዚያች ጋ እኮ ነው» ይባላል፣ እንደገና ይጀመራል። መታጠፊያዋን የፈጠራት በስህተት እንደሆነ የሚያውቀው የሄደው ሰው ብቻ ነው።

አዲሱ ሰው ድራመር ሲሆን ደግሞ መከራው ወደ ነባሩ ጊታሪስት ይዞራል። ለአምስተኛ ድራመር የመጀመሪያዋን ዘፈን ለአምስተኛ ጊዜ ከሀ ብሎ ያስተምራል። እንደ ፊደል ሠራዊት መምህር ተማሪው ሲቀያየር እሱ ያንኑ ገጽ እንደያዘ ይቀራል። በየሦስት ወሩ ሰው የሚቀይር ባንድ አዲስ ዘፈን የማይኖረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ልምምዱ ሁሉ በርክክብ ስለሚያልቅ ነው።

ጉዞው በአመዛኙ በፎርድ ትራንዚት ነው። ጭነቱ ሥርዓት አለው፦ ድራም ከታች፣ አምፕሊፋየር በጎን፣ ጊታር ከላይ፣ አዲሱ አባል ከአምፕሊፋየሩ ሥር። አንድ ጄሲ-120 ብቻውን 28 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ክለብ ደግሞ ምድር ቤት ወይም ፎቅ ላይ እንጂ መንገድ ዳር አይሠራም። ገቢው ከቤንዚንና ከመኪናው ኪራይ ሲተርፍ በአባላቱ ቁጥር ይካፈላል፤ አንዳንዱ ጊታሪስት ድራመሩ ሲለቅ በሐዘኑ ውስጥ የማካፈል ሒሳብ የሚሠራው ለዚህ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1983 በመላ አገሪቱ ባስፋፋው መርሐ ግብር፣ ሥራ አጥ ሆኖ የራሱን ሥራ ለሚጀምር ሰው ለአንድ ዓመት በሳምንት 40 ፓውንድ ይሰጥ ነበር፤ ሙዚቀኞችም ተጠቅመውበታል። ቅድመ ሁኔታው አመልካቹ 1,000 ፓውንድ እንዳለው ማሳየቱ ነው። 1,000 ፓውንድ ያለው ጊታሪስት ግን በዚያ አገር በቀላሉ አይገኝም ነበር።

ቁጠባን እስከ ጥግ ያደረሰው ዘ ፖሊስ ነው። ባንዱ በ1977 ሲመሠረት ጊታሪስቱ ኦንሪ ፓዶቫኒ የተባለ የኮርሲካ ልጅ ነበር፤ ኮርድ ብዙ አያውቅም፣ ቁመናው ግን ለፓንክ የተፈጠረ ነው። በዚያው ዓመት አንዲ ሰመርስ ሲጨመር ባንዱ ለጥቂት ሳምንታት ባለ ሁለት ጊታሪስት ሆነ፤ በነሐሴ ፓዶቫኒ ወጣ። ሰመርስ ከሌሎቹ ሁለት አባላት፣ ከስቲንግና ከስቱዋርት ኮፕላንድ፣ ወደ አሥር ዓመት ገደማ የሚበልጥ፣ በ1968 ከኤሪክ በርደን ጋር የተጫወተ አንጋፋ ነበር፤ በወጣቶች እንቅስቃሴ ውስጥ እንደ ታላቅ ወንድም ተቀምጦ ጸጉሩን እንደነሱ ቢጫ ተቀባ። ቀለሙ የዓላማ አልነበረም፤ በ1978 ሦስቱ ለማስቲካ ማስታወቂያ ሲቀጠሩ የተቀቡት ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ገና ስም ሳይኖራቸው ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ የተሳፈሩት በሌከር አየር መንገድ ሲሆን፣ የዚህ አየር መንገድ የለንደን ኒው ዮርክ ዋጋ አገልግሎቱ በ1977 ሲጀመር 59 ፓውንድ ነበር። ባወሪ ላይ በነበረው ሲቢጂቢ ክለብ ተጫወቱ፣ ከዚያም መኪና ውስጥ ተጠጋግተው ከከተማ ከተማ ዞሩ። አዳራሹ ውስጥ ከባንዱ የማይበልጥ ሰው የተገኘበት ምሽትም ነበር። ሦስት ሰው መሆን የሙዚቃ ምርጫ ነው ተብሎ ብዙ ተጽፏል፤ የሆቴል አልጋ ቆጥሮ ለሚያውቅ ግን ሌላም ምክንያት ይታየዋል።

መልቀቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። አብዛኛው ሰው በስልክ ይለቃል፤ አንዳንዱ መልቀቁን ሳይናገር መምጣት ያቆማል፤ ስለ መልቀቁ ከጋዜጣ የሚያነብም አለ። በሰፊው የሚታወቀው አለቃቀቅ የሱዚ ኤንድ ዘ ባንሺስ ነው። ይህ ባንድ መስከረም 1976 በለንደኑ 100 ክለብ መድረክ ላይ ሲወጣ ያለው ዘፈን ዜሮ ነበር፤ ጊታሩን ለዚያች ምሽት የያዘው ማርኮ ፒሮኒ፣ ድራሙን የመታው ሲድ ቪሸስ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደመጣላቸው ተጫወቱ። ኩባንያ ያስፈረማቸው በ1978 ሲሆን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸው በእንግሊዝ ሰባተኛ ደረጃ ደረሰ። በ1979 ሁለተኛውን አልበም ይዘው ጉብኝት ጀመሩ። መስከረም 7 አበርዲን ላይ፣ ሸክላ ቤት ውስጥ ለደንበኞች ሲፈርሙ በተነሣ ጭቅጭቅ፣ ጊታሪስቱ ጆን መኬይና ድራመሩ ኬኒ ሞሪስ ወጥተው በታክሲ ከተማውን ለቀቁ። የምሽቱ ዝግጅት ሰዓታት ነበር የቀሩት። ዘፋኟ ሱዚ ሱና ቤዝ ተጫዋቹ ስቲቨን ሰቨሪን ከነአዳራሹ ቀሩ።

በዚያ ጉብኝት መድረክ የሚከፍተው ባንድ ዘ ኪዩር ነበር። ሮበርት ስሚዝና ጓዶቹ ያን ምሽት ረዘም አድርገው ተጫወቱ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጉብኝቱ ቀጠለ፦ ድራሙን ባጂ የተባለ ተጫዋች ያዘ፤ ጊታሩን ስሚዝ። ስሚዝ በየምሽቱ ከራሱ ባንድ ጋር ተጫውቶ ይወርዳል፣ ከዚያ ከባንሺስ ጋር ተመልሶ ይወጣል፤ በአንድ ቀን ለሁለት ሠርግ ሚዜ የተባለ ሰው ዓይነት ነው። ጊታሪስት አጥቶ ለተጨነቀ ባንድ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም፤ ሰውየው ቀድሞም ጭነቱ ውስጥ ነበር።

በጥር 1980 ዘፋኙ አዳም አንት የደረሰበት ከዚህ ይከፋል። አዳም ባንዱን አዳም ኤንድ ዚ አንትስን እንዲያማክረው ማልኮም ማክላረንን ይዞ 1,000 ፓውንድ ከፈለው። አማካሪው የባንዱን ሦስት ተጫዋቾች አባብሎ ወሰደና የ13 ዓመት ልጅ ዘፋኝ አድርጎ ባው ዋው ዋው የሚባል ባንድ መሠረተ። ጥሎሽ ከፍሎ ሙሽራ ያጣ ሰው ይኸው ነው። አዳም ግን ያን ማርኮ ፒሮኒን አግኝቶ ሁለት ድራመር ጨመረ፤ አልበማቸው በ1981 በእንግሊዝ በሽያጭ አንደኛ ወጣ። የስዊንደኑ ኤክስቲሲ ባንድ መሪ አንዲ ፓርትሪጅ ደግሞ ከባንዱ ሳይለቅ ከመድረክ ለቀቀ፤ ጭንቀቱ ስለበረታበት በ1982 ጉብኝት አቁሞ በስቱዲዮ ብቻ ቀጠለ፤ ድራመሩ ቴሪ ቻምበርስ ያለ ጉብኝት አልሆነለትምና ሄደ። ፕሪቴንደርስ በተባለው ባንድ ውስጥ የሆነው ለቀልድ አይመችም፦ በሰኔ 1982 ቤዝ ተጫዋቹ ፒት ፋርንደን በተባረረ በሁለተኛው ቀን ጊታሪስቱ ጄምስ ሃኒማን-ስኮት በ25 ዓመቱ በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ሞተ፤ ፋርንደንም በቀጣዩ ዓመት ተከተለው። ዘፋኟ ክሪሲ ሃይንድ ሌሎች ተጫዋቾች ይዛ ቀጠለች።

ሰው ሲቀየር ድምፁ የሚቀየርበት መንገድ በባንሺስ ጊታር ቦታ ላይ ደህና አድርጎ ይታያል። መኬይ ኮርዱን እንደ ቆርቆሮ እያሻከረ ይመታ ነበር። ከማጋዚን ባንድ የመጣው ጆን ማጊዮክ ያንን ለመኮረጅ አልሞከረም፤ ክሮቹን ለየብቻ እየነካ ፍላንጀር በሚባል ሌላ የድምፅ ሣጥን አሳለፋቸው፤ በ1980ና በ1981 የወጡት «ሀፒ ሀውስ» እና «ስፔልባውንድ» ከዚያ የመጡ ናቸው። በኋላ ዘመን ብዙ ጊታሪስቶች የሚጠቅሱት እሱን ነው። በ1982 ማድሪድ ውስጥ መጠጡና ድካሙ መድረክ ላይ አላሠራው ብለው ከባንዱ ወጣ። ስሚዝ እንደገና ተጠራ። በዚህ ጊዜ የራሱ ቤት ባዶ ነበር፤ ቤዝ ተጫዋቹ ሳይመን ጋለፕ ስትራስቡርግ ላይ ከተደባደቡ በኋላ ሄዶ፣ ዘ ኪዩር ውስጥ ስሚዝና ሎል ቶልኸርስት ብቻ ቀርተው ነበር። ጎረቤት ቤት ምግብ የሚያበስል ሰው የራሱን ምድጃ እንዴት እንደሚያነድ ያስገርማል፤ ግን በ1983 ባንሺስ በውሰት ጊታሪስት በእንግሊዝ ሦስተኛ ደረጃ፣ ዘ ኪዩር ደግሞ በዚያው ዓመት ሰባተኛ ደረጃ ደረሱ። ለባንሺስ ከዚያ በላይ የወጣ ዘፈን ከዚያ በፊትም በኋላም የለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የማይቀየረው የባንዱ ስም ነው፤ ስሙም ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ነው። ማርክ ኢ. ስሚዝ ዘ ፎል የተባለውን ባንድ ከ1976 እስከ ሞተበት እስከ 2018 ሲመራ ከ60 በላይ ሰዎች ገብተው ወጥተዋል። በዚያ መካከል ጊታሪስቱ ክሬግ ስካንሎን ከ1979 እስከ 1995 ቆየ፤ በዚህ ሙያ አሥራ ስድስት ዓመት ማለት ጡረታ የሚያስከብር አገልግሎት ነው።

ሮበርት ስሚዝ ሁለት ቤት ማስተዳደሩ ጤናውን ስለጎዳው በ1984 ከባንሺስ ወጣ። በቦታው ጆን ቫለንታይን ካራዘርስ ገብቶ የመኬይን፣ የማጊዮክንና የስሚዝን ዘፈኖች አጠና። በ1987 ጆን ክላይን መጣ፤ የሚያጠናው ካሴት በአንድ ሰው ጨምሮ ነበር። ባንዱ በ1996 ተዘጋ።